ሳይጠቁር ሙቀት የሚቀንስ፦ ለመኪናዎ የፊት መስታወት ፊልም እንዴት ይመርጣሉ?

ፀሐይ የዋለበት መኪና ውስጥ ሲገቡ መሪው ያቃጥላል፣ ወንበሩ ይፋጃል። ኤሲው ቢከፈትም ከፊት መስታወቱ አልፎ ደረትና እጅ ላይ የሚያርፈው ፀሐይ አይበርድም። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው ቶሎ ወደ አንድ ሐሳብ ይሄዳል፤ «መስታወቱን ላስጠቁረው» ይላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ጥቁረት ሌላ፣ ሙቀት መከላከል ሌላ ነው። ድቅድቅ ያለ ርካሽ ፊልም፣ ማለትም መስታወት ላይ የሚለጠፈው ስስ ፕላስቲክ፣ ሙቀቱን እንዳለ ሊያስገባ ይችላል። መኖሩ እንኳ የማይታወቅ ግልጽ ፊልም ደግሞ ከእሱ የተሻለ ሊሠራ ይችላል። የፊት መስታወት መንገድ የምናይበት ነው። በጨለማ፣ በዝናብ፣ ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ ድንገት ሲሻገር እያንዳንዷ የብርሃን ጭላንጭል ትፈለጋለች። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚያተኩረው ብርሃን ሳያሳጣ ሙቀት በሚቀንስ ፊልም ላይ ነው።

1. ከፀሐይ የሚመጣውን ለይተው ይወቁ

መሬት ላይ ከሚደርሰን የፀሐይ ኃይል በግምት 53 በመቶው ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው። 44 በመቶ ያህሉ የምናየው ብርሃን ነው። የቀረው 3 በመቶ አካባቢ አልትራቫዮሌት (በአጭሩ ዩቪ) ነው። መኪናው ውስጥ ገብቶ ወንበር፣ ዳሽቦርድ ወይም ቆዳ ላይ ያረፈው ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ኢንፍራሬዱ ለማየት አይጠቅመንም። ቢቀር የምናጣው ነገር የለም። የሚታየው ብርሃን ግን የግድ ያስፈልገናል። ጥሩ የፊት መስታወት ፊልም የሚባለው ኢንፍራሬዱን አስቀርቶ ብርሃኑን የሚያሳልፈው ነው።

አልትራቫዮሌትን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የፊት መስታወት ሁለት መስታወት ተጣብቆ የተሠራ ነው። በመሐላቸው ፒቪቢ የሚባል የፕላስቲክ ንጣፍ አለ። ይህ ንጣፍ አደጋ ሲደርስ መስታወቱ ተሰባብሮ እንዳይረግፍ ይይዘዋል። ከዚያም አልፎ አልትራቫዮሌቱን ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ 29 መኪኖች ተለክተው ነበር። የፊት መስታወቶቹ ዩቪኤ የሚባለውን የአልትራቫዮሌት ዓይነት በአማካይ 96 በመቶ ሲያግዱ ተገኝተዋል። የሹፌሩ የጎን መስታወት ግን በአማካይ 71 በመቶ ብቻ ነበር የሚያግደው። ከመኪና መኪናም ከ44 እስከ 96 በመቶ ይለያይ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ሻጩ «99 በመቶ ዩቪ ይከላከላል» ብሎ የፊት መስታወት ፊልም ሊሸጥልዎ ቢመጣ፣ ያንን ጥበቃ አስቀድመው አግኝተውታል። የሚከፍሉት ለኢንፍራሬዱ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የሚያሳስብዎ የቆዳዎ ጉዳይ ከሆነ ከፊት መስታወቱ በፊት የጎኑን ያስቡ። ለ28 ዓመታት የጭነት መኪና የነዳ አንድ ሰው የፊቱ ግራ ጎን ብቻ ተሸብሽቦና ወፍሮ የሚያሳይ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። በግራ በኩል የነበረው የጎን መስታወት ነው።

2. የራስዎን መስታወት ይመርምሩ

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት መኪናዎን ይዩት። ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ ኋላ የሚመጣው ጣጣ ግን አብዛኛው ከዚህ ነው የሚነሳው።

በመጀመሪያ ስንጥቅ ይፈልጉ። ጠጠር የመታው ትንሽ ነጥብ ቢሆንም ቀላል አይደለም። ፊልም የፀሐይን ኃይል ሲውጥ መስታወቱ ራሱ ከወትሮው ይበልጥ ይሞቃል። የሞቀ መስታወት ላይ ያለ ስንጥቅ ደግሞ ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ነጥቡን አስቀድመው ያስጠግኑ። ስንጥቁ ረጅም ከሆነ መስታወቱን ያስቀይሩ፤ ፊልሙ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ቀጥሎ ከመሐል ስፖኪዮው ጀርባ ያለውን ቦታ ይመልከቱ። ብዙ አዳዲስ መኪኖች እዚያ ካሜራ አላቸው። መኪናው መስመሩን እንዳይስት የሚጠብቀው፣ አደጋ ሲመጣ በራሱ ፍሬን የሚይዘው በዚህ ካሜራ ነው። የዝናብ ሴንሰርም ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው፤ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ይሠራል። ፊልሙ እነዚህን መሸፈን የለበትም፤ ዙሪያቸው ተቆርጦ ክፍት ይተዋል። ገጣሚው ካሜራውን መንቀል አለብኝ ካለ፣ መልሶ ማስተካከያውን ማን እንደሚሠራው ከወዲሁ ይጠይቁ።

ፍጥነትን መስታወቱ ላይ በብርሃን የሚያሳይ መኪና ካለዎት፣ ፊልሙ ቁጥሩን እንደ ጥላ ሊደርበው ይችላል። መስታወቱ ውስጥ ቀጫጭን ሽቦ ወይም አንቴና ካለም ለገጣሚው ይንገሩ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የፊት መስታወታቸው ኢንፍራሬድ የሚመልስ ስስ የብረት ሽፋን ኖሮት ነው። ከውጭ ዘንበል ብለው ሲያዩት ሐምራዊ ወይም ሮዝ ነገር ያንጸባርቃል። ከስፖኪዮው አካባቢም ሬዲዮ ሞገድ እንዲያልፍ ሽፋኑ የተተወበት ቦታ ይኖረዋል። እንዲህ ያለ መስታወት ካለዎት ፊልም የሚጨምርልዎ ነገር ጥቂት ነው። ገንዘብዎን ለጎን መስታወቶቹ ያውሉት።

አረንጓዴ የሚያደላ መስታወትም ከነጩ የተሻለ ነው። ውስጡ ያለው ብረት የኢንፍራሬዱን አንድ ክፍል ይውጠዋል። ነጭ ወረቀት ከጀርባው አድርገው ጠርዙን ቢያዩ ቀለሙ ይለይልዎታል።

3. ሕጉን ይጠይቁ፣ ከዚያ ያባዙ

የፊልም ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ መስፈርት ለመንዳት የሚያስፈልግ መስታወት ቢያንስ 70 በመቶ ብርሃን እንዲያሳልፍ ይጠይቃል፤ ክፍላተ ግዛቶቹ ደግሞ የየራሳቸውን ይጨምሩበታል። ብሪታንያ የፊት መስታወት 75 በመቶ፣ የፊት የጎን መስታወቶች 70 በመቶ እንዲያሳልፉ ትጠይቃለች። ከላይኛው ጠባብ ቁራጭ በቀር የፊት መስታወት ላይ ምንም ፊልም የማይፈቅዱ አገሮችም አሉ። ስለዚህ መኪናው የተመዘገበበትን አገር ሕግ የትራፊክ መሥሪያ ቤቱን ራሱን ይጠይቁ። «ሁሉም ያሠራል» የሚለው የሻጭ ቃል በትራፊክ ፖሊስ ፊት አያድንም።

ሕጉ የሚለካው ፊልሙን ብቻ አይደለም፤ መስታወቱንና ፊልሙን አንድ ላይ ነው። ፊልም የሌለበት የፊት መስታወት ራሱ መቶ በመቶ ብርሃን አያሳልፍም። ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 80 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ ማባዛት ያስፈልጋል። መስታወትዎ 78 በመቶ ቢያሳልፍና 90 በመቶ የሚያሳልፍ ፊልም ቢለጥፉበት፣ ውጤቱ 70 በመቶ አካባቢ ይሆናል። መስታወቱ 75 ቢሆንና ያው ፊልም ቢለጠፍበት ደግሞ ወደ 67.5 ይወርዳል። ሕጉ 70 ከሆነ በዚያች ልዩነት ወድቀዋል ማለት ነው። «70 በመቶ ፊልም» ተብሎ የተሸጠልዎ ደግሞ 78 በመቶ መስታወት ላይ ሲያርፍ 55 በመቶ ብቻ ይተውልዎታል።

ስለዚህ ከምርጫው በፊት መስታወቱን ያስለኩ። ለፊት መስታወት የሚሆነው መለኪያ ሁለት ቁራጭ ያለው ነው፤ አንዱ ከውስጥ ሌላው ከውጭ ይያዛል። የጎን መስታወት ላይ የሚሰካው ዓይነት ለዚህ አያገለግልም። መለኪያ የሌለው ቤት የፊት መስታወት ባይሠራልዎ እመርጣለሁ።

4. ቁጥሮቹን በትክክል ያንብቡ

የፊልም ወረቀት ላይ ብዙ በመቶ ይደረደራል። የሚያስፈልጉዎት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ቪኤልቲ ነው። የሚያልፈውን ብርሃን መጠን ይነግራል። ቁጥሩ ሲያድግ ፊልሙ ግልጽ እየሆነ ይሄዳል። ብዙ ሰው ገልብጦ ይረዳዋል፤ «5 በመቶ» የሚባለው ፊልም በጣም ጥቁሩ ነው።

ሁለተኛው ቲኤስኢአር ነው። ከጠቅላላው የፀሐይ ኃይል፣ ማለትም ከአልትራቫዮሌት፣ ከብርሃንና ከኢንፍራሬድ ድምር፣ ስንት በመቶው ውጭ እንደቀረ ያሳያል። መስታወቱ ውጦት ቆይቶ ወደ ውስጥ የሚለቀውን ሙቀትም ይቆጥራል። ፊልሞችን ለማወዳደር እኔ የማምነው ይህን ቁጥር ነው።

ሦስተኛው አይአርአር ነው፤ ኢንፍራሬድ ምን ያህል እንደቀረ ይናገራል። ማስታወቂያዎቹ በትልቁ የሚጽፉት ይህን ነው፤ «97 በመቶ ሙቀት ያግዳል» የሚለው ከዚህ ይመጣል። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ከፀሐይ የሚመጣው ኢንፍራሬድ ከ780 እስከ 2500 ናኖሜትር (የጨረር ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) ይዘረጋል። አንዳንዱ አምራች ግን የሚለካው ከ900 እስከ 1000 ናኖሜትር ያለውን ጠባብ ክፍል ብቻ ነው። ፊልሙ እዚያች ቦታ ላይ ጎበዝ ሆኖ ሌላው ቦታ ላይ ደካማ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ፊልሙ ውጦ ኋላ ወደ ውስጥ የሚለቀው ሙቀት በዚህ ቁጥር ውስጥ ላይታይ ይችላል።

ማስታወቂያው እውነት መሆኑን በራስዎ ሒሳብ መፈተሽ ይችላሉ። ከፀሐይ ኃይል 44 በመቶው ብርሃን ነው ብለናል። ፊልም የተለጠፈበት መስታወት ከብርሃኑ 70 በመቶውን ካሳለፈ፣ ከጠቅላላው ኃይል ወደ 31 በመቶ የሚጠጋው በብርሃኑ ብቻ ገባ ማለት ነው። ኢንፍራሬዱና አልትራቫዮሌቱ አንድም ሳይቀር ቢታገድ እንኳ ቲኤስኢአሩ ከ69 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ «ግልጽ ነው፣ 95 በመቶ ሙቀት ያስቀራል» የሚል ሻጭ ወይ ኢንፍራሬዱን ብቻ እያወራ ነው፣ ወይ የሚሸጠውን አያውቀውም። ከ70 እስከ 80 በመቶ ብርሃን የሚያሳልፉ ጥሩ ፊልሞች ቲኤስኢአራቸው ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ነው። አነስተኛ አይምሰልዎ። ብርሃን ከ20 በመቶ በላይ የማያሳልፉ አንዳንድ ባለቀለም ፊልሞች 40 እንኳ አይደርሱም።

ሁለት ጥያቄ ይጨምሩ። «ይህ ቲኤስኢአር በየትኛው መስታወት ላይ ተለካ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙውን ጊዜ የሚለካው 3 ሚሊ ሜትር ነጭ መስታወት ላይ ነው። ያ መስታወት ፊልም ሳይኖርበትም ከፀሐይ ኃይል 14 በመቶ ያህሉን ያስቀራል። ስለዚህ የፊልሙ የራሱ ድርሻ በወረቀቱ ላይ ካለው ያነሰ ነው። የእርስዎ መስታወት አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ መነሻው ከፍ ያለ ስለሆነ የሚያገኙት ልዩነት ይበልጥ ይጠባል። ቀጥሎ «በቀጥታ ነው ወይስ በ60 ዲግሪ ዘንበል ተደርጎ የተለካው?» ይበሉ። ዘንበል ሲል ቁጥሩ ያምራል። ሁለት ፊልም ሲያወዳድሩ ሁለቱም በአንድ ዓይነት መንገድ የተለኩ ይሁኑ።

5. የፊልሙን ዓይነት ይለዩ

ባለቀለም ፊልም በጣም ርካሹ ነው። የሚሠራው ብርሃን በመዋጥ ነው። ኢንፍራሬድ ላይ ደካማ ነው፤ ከጊዜ በኋላም ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ለፊት መስታወት አልመክረውም።

ብረት የተቀባ ፊልም ሙቀቱን መልሶ ያንጸባርቃል፤ በዚህ በኩል ጥሩ ነው። ነገር ግን ብረቱ የሬዲዮ ሞገድ ያውካል። የስልክ ኔትወርክ፣ ጂፒኤስ፣ የመንገድ ክፍያ መለያ ካርድ ሊደክሙ ይችላሉ። መልኩም እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል፤ በዚህ ምክንያት የሚከለክለው አገር አለ።

ካርቦን ፊልም ብረት የለውም፤ ቀለሙም እንደ ርካሹ ቶሎ አይለቅም። ለጎን መስታወት መካከለኛ ምርጫ ነው። ብዙዎቹ ጠቆር ስለሚሉ ለፊት መስታወት አይመቹም።

ሴራሚክ ፊልም ለፊት መስታወት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ነው። በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የሴራሚክ ቅንጣቶች አሉበት። ኢንፍራሬዱን ይውጣሉ፣ ብርሃኑን ያሳልፋሉ፣ ሞገድ አያውኩም። ችግሩ ሴራሚክ የሚለው ስም ብቻውን ምንም ዋስትና አይሰጥም። ትንሽ ሴራሚክ ጨምሮ በሙሉ ስሙ የሚሸጥ አለ። ስሙን ትተው ቲኤስኢአሩን ይጠይቁ።

ከዚህ ሌላ በመቶዎች የሚቆጠሩ እጅግ ስስ የፕላስቲክ ንብርብሮች ተደራርበው የሚሠሩት ፊልም አለ። ብረት የለውም፤ ንብርብሮቹ ኢንፍራሬዱን መርጠው ይመልሱታል። በጣም ግልጽ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉም ላይ ይወጣል። አቅም ከፈቀደ ጥሩ ነው። በአንዳንድ ብርሃን ሲታይ ግን ቀስተ ደመና መሰል ቀለም ሊያሳይ ስለሚችል አስቀድመው በዓይንዎ ይዩት።

6. በዓይንና በቆዳ ይፈትኑት

ሱቆቹ ውስጥ የታወቀ ማሳያ አለ። ቀይ የሚያሞቅ አምፖል ይበራል፣ ከፊቱ ፊልም የተለጠፈበት መስታወት ይቆማል፣ እጅዎን ከጀርባ ያስገባሉ። ሙቀቱ ወዲያው ይጠፋል። አምፖሉ ግን ፀሐይ አይደለም። የሚለቀው ባብዛኛው ኢንፍራሬድ ነው፤ የሚታይ ብርሃኑ ጥቂት ነው። ስለዚህ ኢንፍራሬድ ላይ የሚበረታ ፊልም ሁሉ እዚያ ተአምር የሠራ ይመስላል። በእጅ የሚያዘው መለኪያም እንዲሁ ነው፤ ኢንፍራሬዱን የሚለካው ብዙውን ጊዜ 940 ወይም 950 ናኖሜትር ላይ ብቻ ነው።

የተሻለው መንገድ ፀሐይ ላይ መውጣት ነው። የሚያወዳድሯቸውን ፊልሞች በአንድ ዓይነት መስታወት ላይ ያስለጥፉና ቀትር አካባቢ በክንድዎና በፀሐይ መካከል ይያዙት። ወዲያው አይፍረዱ። ውጦ የሚሠራ ፊልም መጀመሪያ ላይ ጥሩ መስሎ ቆይቶ መስታወቱ ሲግል ሙቀቱን መልቀቅ ይጀምራል። አምስት ደቂቃ ያህል ይታገሱ፤ ልዩነቱ ያኔ ይወጣል።

ሱቁ የፀሐይ ኃይል በዋት የሚለካ መሣሪያ ካለው ይበልጥ ጥሩ። ባዶውን መስታወት አንድ ጊዜ፣ ፊልም ያለበትን ሌላ ጊዜ ያስለኩ። ለምሳሌ በባዶው 600 ቢያሳይና በፊልሙ 400 ቢወርድ፣ ፊልሙ ከሚገባው አንድ ሦስተኛውን ቀነሰ ማለት ነው። ማወዳደር ያለብዎ ከባዶው መስታወት ጋር ነው። ከገላጣ ፀሐይ ጋር ካወዳደሩት የመስታወቱም ሥራ ለፊልሙ ይቆጠርለታል።

ከሙቀቱ እኩል የእይታ ጥራቱን ይፈትኑ፤ እኔ እንዲያውም አስቀድመዋለሁ። አንዳንድ ሴራሚክ ፊልም ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስትመጣ ወይም የመኪና መብራት ሲያርፍበት ስስ ጭጋግ ያለበት ይመስላል። ቀን በሱቁ ጥላ ውስጥ ይህ አይታይም። ናሙናውን ይዘው ወጥተው ማታ በመንገድ መብራት በኩል ይመልከቱበት። መብራቱ ዙሪያ ነጭ ነገር ከተበተነ ወይም ምስሉ ከተደረበ ይለፉት። ፖላራይዝድ መነጽር የሚያደርጉ ከሆነም አድርገው ይዩበት። ማታ የማየት ችግር ያለበት ሰው፣ በተለይ ዕድሜው የገፋ ሹፌር፣ ከሁሉም ግልጹን ይውሰድ። ሙቀቱ በትንሹ ቢቀንስለት ይሻለዋል።

7. ገጣሚውን ይምረጡ

ምርጡ ፊልም መጥፎ እጅ ላይ ከወደቀ ዋጋ የለውም። የፊት መስታወት ትልቅና ጎባጣ ስለሆነ ከሁሉም ይከብዳል። ፊልሙ በአንድ ወጥ መለጠፍ አለበት፤ በመሐል መጋጠሚያ መስመር መኖር የለበትም።

ሠርቶ ያስረከበውን መኪና ያሳይዎ። ጠርዙን ይዩ፣ ከሹፌሩ ወንበር ተቀምጠው ወደ ውጭ ይመልከቱ። የሚሠራበት ክፍል አቧራ የሌለበት ይሁን፤ ደጅ ላይ ከሚሠራ ሰው ይራቁ። የፊልሙ ጥቅል ላይ ያለውን ስምና ቁጥር በዓይንዎ ይዩ። ከሰሙት ስም ሌላ ፊልም መለጠፍ በዚህ ሥራ ውስጥ የተለመደ ማጭበርበር ነው። ዋስትናው የቀለም መለወጥን፣ አረፋንና መላጥን መሸፈኑን፣ ዋስትናውን የሚሰጠውም አምራቹ ይሁን ሱቁ ይጠይቁ። ሱቅ ይዘጋል።

8. የሚለጠፍበት ቀን

ሙያውን ማወቅ አይጠበቅብዎትም፤ ግን ሲሠራ ምን መምሰል እንዳለበት ቢያውቁ ጥሩ ነው። ፊልሙ የሚለጠፈው ከውስጥ በኩል ነው። በመጀመሪያ ግን ከውጭ መስታወቱ ላይ ተዘርግቶ በሙቅ አየር የመስታወቱን ጉብጠት እንዲይዝ ይደረጋል። ከዚያ የውስጡ መስታወት ደጋግሞ ይታጠባል። ፊልሙ በሳሙና ውሃ ተነክሮ ይገባና ውሃው በላስቲክ ተገፍቶ ይወጣል።

ውሃ ብዙ ነው። ከዳሽቦርዱ በታች ደግሞ ኤሌክትሪክ አለ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዳሽቦርዱ በወፍራም ፎጣ መሸፈኑን ያረጋግጡ። ይህን የማያደርግ ሠራተኛ ከሆነ ሥራውን ያስቁሙት።

9. ከተለጠፈ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነጠብጣቦችና ደብዛዛ ቦታዎች ይኖራሉ። አይደንግጡ፤ በመርፌም አይውጓቸው። ፀሐያማ በሆነ ቦታ በጥቂት ቀናት ይደርቃሉ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ በሆነ ቦታ እስከ አንድ ወር ሊወስዱ ይችላሉ። ከዚያ በኋላም የቀረ አረፋ፣ እጥፋት ወይም የተላጠ ጠርዝ ካለ ወደ ሠሪው ይመለሱ። አንድ ሁለት የአቧራ ነጥብ ግን በጎበዝ እጅም አይጠፋም።

የጎን መስታወቶችም አብረው ከተሠሩ ሦስት አራት ቀን አይክፈቷቸው። የፊቱ መስታወት ላይ ኃይለኛ ሙቅ አየር አይልቀቁበት። ሲያጸዱ አሞኒያ ያለበትን የመስታወት ማጽጃ ይተዉ፤ ፊልሙን ይጎዳል። ለስላሳ ጨርቅና ቀለል ያለ የሳሙና ውሃ ይበቃል። ፊልሙ ላይ የሚጣበቅ ወረቀት ወይም የስልክ መያዣ አይለጥፉ፤ ሲነቀል ይዞት ይነሳል።

ፀሐይ ላይ ቆሞ መስታወቱን ሲነኩት ከበፊቱ ይበልጥ ቢያቃጥል ፊልሙ አልሠራም ማለት አይደለም። የዋጠው ሙቀት እዚያ ነው ያለው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ነፋሱ ከውጭ ይወስደዋል። ሲቆም ግን ከፊሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ፊልም የቆመ መኪናን ከመጋል የማያድነው፤ ያዘገየዋል እንጂ። ለቆመ መኪና አሁንም የሚያብረቀርቅ የፀሐይ መጋረጃ ከመስታወቱ በስተጀርባ መዘርጋት ያስፈልጋል።

ይህን የምለው በአንድ ከባድ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከጭማሪው 80 በመቶው የሚመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮት በትንሹ መክፈት ብዙም አልረዳም። የትኛውም ፊልም ይህን አይለውጠውም። ሕፃን፣ አቅመ ደካማ ወይም እንስሳ ለአንድ አፍታም ቢሆን መኪና ውስጥ አይተዉ።

የፊልሙን ስም፣ ቪኤልቲውንና የተለጠፈበትን ቀን የያዘውን ወረቀት መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። ትራፊክ ፖሊስ ሲጠይቅ ያስፈልጋል። መስታወቱ ተሰንጥቆ የሚቀየር ከሆነም ፊልሙ አብሮት ስለሚሄድ፣ ኢንሹራንሱ መስታወቱን ብቻ ነው ወይስ ፊልሙንም ይከፍላል የሚለውን ውል ሲያድሱ ይጠይቁ፤ የሚከፍል ከሆነ ማስረጃው ያ ወረቀት ነው።